«ከየትም ሆነው ያዩታል» ብለው 78,000 ብሬን በሉኝ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደልኝ አፍሬ እተወዋለሁ።

እነዚህን «የሶፍትዌርና የካሜራ ሥራ እንሠራለን» ባዮች ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል፣ የመስታወት በር፣ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ልጆች፣ «ቡና ይሁን ሻይ?» እኔም አንዱ ቤት ገባሁ። መርካቶ የቤት ዕቃ ሱቅ አለኝ፣ አዳማ ደግሞ ቅርንጫፍ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ መርካቶ የተሸጠውንና የቀረውን ዕቃ አዳማ ቁጭ ብዬ በስልኬ ማየት። «ቀላል ነው እትዬ፣ ከየትም ሆነው ያዩታል» አሉኝ። በ78,000 ብር ተስማማን፣ ግማሹን ቅድሚያ ከፈልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ይዘው መጡና ካሸሪዋ ጠረጴዛ ሥር አስቀመጧት። ሰርቨሩ፣ የሱቁ መረጃ ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ይሄ ነው ተባልኩ። ከዚያ ልጁ «ስልክዎን ይስጡኝማ እትዬ» አለ። ሰጠሁት። «ዳታዎ እንዳያልቅ ዋይፋይ ላይ ላድርግልዎት» ብሎ የሱቁን ዋይፋይ አስገባልኝ። ለዳታዬ አሰበ ብዬ «ተባረክ ልጄ» አልኩት። መረቅኩት እኮ! ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ድስቱ በቁጥር፣ ብርጭቆው በደርዘን፣ የዕለቱ ሽያጭ ከላይ በአረንጓዴ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ስልኬን ይዤ ልወጣ ስል በር ላይ ደረሰብኝ። ጠርጥሬ እንዳይመስላችሁ፣ ጎረቤቴን ላሳያት ነበር። «ምን ፀሐይ ላይ ያወጣዎታል? እዚህ ከሠራ የትም ይሠራል» አለኝ። ትንሽ ቸኮል ያለ መሰለኝ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶበት ይሆናል አልኩ። ቀሪውን 39,000 እዚያው ቆሜ በሞባይል ባንክ ላክሁለት። ደረሰኝስ? «ነገ እናመጣለን።»

አዳማ ደርሼ ከፈትኩ። ነጭ ገጽ። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ደወልኩ፤ «ኔትወርክ ነው» አሉ። በማግስቱም ኔትወርክ ነው። በሦስተኛው ቀን ቢሯቸው ሄድኩ። ያው ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማዘር፣ ስታቲክ አይፒ የለሽማ። እሱ ደግሞ ውሉ ላይ የለም» አለኝ። ሳልከፍል እትዬ ነበርኩ፣ ስከፍል ማዘር ሆንኩ። ምንድን ነው እሱ ብዬ ስጠይቀው አጠገቡ ያለችውን ልጅ ዞር ብሎ አያትና ተሳሳቁ። ቡና የጋበዘኝም የለም።

የእህቴ ልጅ ነገሩን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የሰጡኝ አድራሻ 192.168.1.50 ነው። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ የሱቁ የውስጥ ቁጥር ነው» አለኝ። በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ስንቱ ቤት ውስጥ አለ መሰላችሁ፤ ከውጭ ሲጠሩት ማንም አያውቀውም። ለታክሲ ሹፌር ሰፈሩን ሳይነግሩ «ሦስተኛው ክፍል አድርሰኝ» እንደማለት ነው።

ከዚያ ኢንተርኔቱን ለሱቁ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ የራውተሩን፣ ገጽ ከፍቶ አየ። ወደ ውጭ የሚወጣበት ቁጥር በ100.72 ይጀምራል። ለካ እሱም የኢንተርኔት አቅራቢው የውስጥ ቁጥር ነው። የድሮው ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻ በዓለም ላይ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነ አይዳረስም፤ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛ ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋሉ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው በፈረንጆች 2012 ለዚሁ ሥራ ተለይቶ የተቀመጠ ነው አለኝ። ስለዚህ ራውተሬ ላይ ፖርት የሚሉትን መግቢያ ብከፍትም ዋጋ የለውም። የግቢው በር በኔ እጅ አይደለም።

መላ ግን አለው፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ቋሚ የሕዝብ አድራሻ፣ ያ ልጅ ስታቲክ አይፒ ያለውን፣ መግዛት ይቻላል። ቪፒኤን፣ ስልኬን ከሱቁ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ የግል መስመር፣ ይቻላል። ፕሮግራሙን ከሱቅ አውጥቶ ኪራይ ሰርቨር ላይ መጫንም ይቻላል። እንዲያውም የሱቁ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ መስመሩን ክፍት የሚያደርግበት ዘዴ አለ። አንዱን ቢነግሩኝ ጨምሬ እከፍል ነበር። አያውቁም እንዳልል፣ ካላወቀ ለምን ዋይፋዩን ቀድሞ አስገባ? ለምን በር ላይ መለሰኝ?

የራሴ ጅልነት ግን ይብሳል። መርካቶ ሃያ ዓመት የነገድኩ ሴት ነኝ። ፔርሙስ ስረከብ ውኃ ሞልቼ፣ ገልብጬ፣ በጆሮዬ አዳምጬ ነው። ለ78,000 ብር ዕቃ አሥር እርምጃ ወደ ውጭ መውጣት አቃተኝ።

እናንተ እንዲህ ያለ ነገር ካሠራችሁ ዋይፋዩን አጥፉ፣ በዳታ መንገድ ላይ ቆማችሁ ክፈቱት፣ ከዚያ ክፈሉ። «ከሌላ ኔትወርክ ይከፈታል» የሚለውን ውሉ ላይ አስጽፉ።

ኮምፒውተሯ እዚያው ናት። ካሸሪዋ ጠዋት ጠዋት እግሯን ታሞቅባታለች።