የመንጠቆ ክር ቆጣሪ፦ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ስሠራበት ያየሁት

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ተቆንጥጦ የሚታሰር፣ የሚያልፍበትን ክር ርዝመት የሚለካ፣ ባትሪ የማይፈልግና ዋጋው 20 ዶላር የማይሞላ የክር ቆጣሪ መጋቢት ላይ ገዝቼ ወቅቱን ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ። የምሠራበት ሁለት ቦታ ነው፦ ቤት ውስጥ ማጠንጠኛዎቼን (ዘንጉ ላይ ሆነው ክሩን የሚጠቀልሉትን) በክር ስሞላ፣ እንዲሁም ሜሪላንድ ውስጥ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና በፖቶማክ ወንዝ ላይ በጀልባ ሳጠምድ። ለመጀመሪያው ሥራ ዓይኔን ሳላሽ እመሰክርለታለሁ። ለሁለተኛው ግን ሁኔታውን ማየት ያስፈልጋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክሩ በሁለት ትናንሽ መዘውሮች መካከል ያልፋል። አንደኛው መዘውር ጎማ የለበሰ ሲሆን ሞላ ከክሩ ጋር አጥብቆ ይይዘዋል፤ በዞረ ቁጥር አኃዙ ጫማ በጫማ ይጨምራል። ማጠንጠኛው ላይ አብሮ ከሚሠራው ቆጣሪ የሚለየውም በዚህ ነው። ያኛው የሚቆጥረው ክሩን ሳይሆን ክሩ የተጠቀለለበትን በከራ ዙር ነው። በከራው ሞልቶ ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አንድ ዙር 15.7 ሴንቲ ሜትር ክር ይለቅቃል፤ ክሩ ጎድሎ ዲያሜትሩ 4 ላይ ሲደርስ ግን ያው አንድ ዙር የሚለቅቀው 12.6 ብቻ ነው። ቆጣሪው ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። በጎደለ በከራ «100 ጫማ» ብሎ ሲያሳይ ውሃው ውስጥ ያለው 80 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቆጣሪ ያለው ውድ ማጠንጠኛ የያዘ ጓደኛዬና እኔ በአንድ ጀልባ ላይ ሆነን ቁጥራችን አልገጥም ይል የነበረው ለዚህ ነው፤ እሱ እስካሁን አላመነም።

ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት ግን 21 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ዓሣ ፍለጋ ማጥመጃውን ከጀልባው ኋላ ስንጎትት፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የተለቀቀው ክር ርዝመት ነው። አንዱ ዘንግ በ90 ጫማ ክር ዓሣ ከያዘ ሌላውም 90 ላይ መድረስ አለበት፤ በግምት ከሆነ ማጥመጃው ወይ ከዓሣው በላይ ያልፋል ወይ ጭቃ ያርሳል።

ትክክለኛነቱን የፈተንኩት በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ ነው። ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 100 ያርድ ወይም 300 ጫማ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አይገኝም። ደረቅ ናይለን ክር 296 አሳየኝ፤ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ቀጭን የተጎነጎነ ክር ግን ውሃ ነክቶት ሲያልፍ 270 ላይ ቀረ። ክሩ መዘውሩን ሳያዞር ስለሚንሸራተት ነው። ቀስ ብሎ መልቀቅና ክሩን ከቆጣሪው በፊት በደረቅ ጨርቅ መያዝ ጉድለቱን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ስለዚህ በጀልባ ላይ የማምነው ለናይለን ብቻ ነው።

ወጪውን የመለሰልኝ ጠረጴዛ ላይ ነው። አራት ሆነን ትልቅ በከራ ክር በጋራ እየገዛን እንደ ቅርጫ እንካፈላለን። ቀድሞ የምንለካው በክንድ ነበር፤ የአንዱ ክንድ ረጅም፣ የሌላው አጭር፣ የመጨረሻው ተካፋይ ደግሞ ሁልጊዜ አኩራፊ። አሁን ቁጥሩ ይነበባል፣ ይቆረጣል፣ ነገሩ ያልቃል።

አቅም ማስላትም ቀልሏል። ማጠንጠኛው ላይ «0.30 ሚሊ ሜትር – 150 ሜትር» ተብሎ ከተጻፈ፣ በ0.20 ክር ወደ 337 ሜትር ይይዛል፤ ርዝመቱ የሚለወጠው በውፍረቱ ካሬ ልክ ነውና። ያን ሁሉ ውድ ክር መሙላት ስለማያስፈልግ ከሥር ርካሽ ናይለን እጠቀልላለሁ፤ የተጎነጎነው ክር በባዶ በከራ ላይ እንዳይሽከረከርም ይረዳል። ከዚያ በእያንዳንዱ ማጠንጠኛ እግር ላይ በለጠፍኩት የወረቀት ፕላስተር የክሩን ዓይነት፣ ውፍረት፣ ርዝመትና የተሞላበትን ወር እጽፋለሁ። ክር በተቆረጠ ቁጥር የጎደለውን እቀንሳለሁ። ፖቶማክ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ ሰማያዊው አምባዛ ጉቶ ውስጥ ገብቶ መጠምጠም ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለስፖርት ማጥመድ ተብሎ በቨርጂኒያ ወንዞች የተለቀቀ እንግዳ ዓሣ ነው፤ አሁን ባለቤት ሆኗል።

ቅሬታዬ ዕድሜው ላይ ነው። ጨዋማው ውሃ ሐምሌ ሳይገባ ሞላውን አዛገው። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥቤ ሞላው ላይ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደርጋለሁ፤ ዘይቱ ጎማውን ከነካ ክሩ ይባስ ይንሸራተታል። ጎማው ሲያልቅ የመዘውሩ ዙሪያ ስለሚያንስ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይሄዳል፤ ምትክ ጎማ ለብቻው አይሸጥም። መለኪያው በጫማ ብቻ መሆኑም ያናድዳል። 0.3048 እያበዙ ወደ ሜትር መለወጥ ጀልባ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሦስትና ከዚያ በላይ ማጠንጠኛ ላለው ሰው ይግዛ እላለሁ። አንድ ዘንግ ይዞ ከዳር ለሚያጠምድ ግን አያስፈልገውም፤ ክሩን ከሚገዛበት ሱቅ ያስሞላ፣ እነሱ ማሽን አላቸው።