ጌሚንግ ኮምፒውተር፦ ተገጣጥሞ የመጣውን መግዛት ወይስ ራስ መገጣጠም?

ተገጣጥሞ የሚሸጥ ጌሚንግ ኮምፒውተር ማስታወቂያው ላይ ሁለት ስሞች ጎላ ብለው ይጻፋሉ፤ የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ። አምራቹ ወጪ የሚቆጥበው ግን ብዙ ጊዜ ስማቸው ባልተጻፈው ዕቃዎች ላይ ነው፦ ፓወር ሰፕላይ (ለሁሉም ኃይል የሚሰጠው)፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ)፣ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) እና ኩለር (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው)። «ልግዛ ወይስ ልገጣጥም?» የሚለው ጥያቄም የሚፈታው እዚያው ነው። ዝርዝሩ እያንዳንዱን ዕቃ በአምራቹና በሞዴሉ የሚጠራ ከሆነ ተገጣጥሞ የመጣውን መግዛት ምንም ነውር የለበትም። «16 ጊጋ ራም፣ 600 ዋት ፓወር» ብሎ ካለፈ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት።

ከፓወር ሰፕላዩ እንጀምር። ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው «80 ፕላስ ብሮንዝ» ወይም «ጎልድ» የሚለው ምልክት የሚናገረው ከግድግዳ ከሚሳበው ኃይል ምን ያህሉ በሙቀት እንደሚባክን ብቻ ነው። ስለ ውስጥ ዕቃው ጥራት የሚለው ነገር የለም፤ ጎልድ ሆኖ ቀሽም የሆነም አለ። ከኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች አርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ አርቲኤክስ 4070 200 ዋት፣ አርቲኤክስ 5070 ደግሞ 250 ዋት ይወስዳሉ። ኤንቪዲያ ለመጀመሪያው 550 ዋት፣ ለሁለቱ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ቁጥሩ የተጋነነ የሚመስለው ካርዱ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ስለሚዘልና ፕሮሰሰሩም የራሱን ስለሚስብ ነው፤ «65 ዋት» የሚባለው ራይዘን 5 7600 ለምሳሌ እስከ 88 ዋት ይወጣል። ደካማ ፓወር ሰፕላይ የሚታወቅበት ምልክት አለው። ኢንተርኔት ሲታይ፣ ፊልም ሲታይ ሰላም ነው፤ ጌሙ ሲከብድ ግን ሰማያዊ ስክሪን እንኳን ሳያሳይ ድርግም ይላል።

ራሙ ላይ ያለው ብልጠት የረቀቀ ነው። አንድ ባለ 16 ጊጋና ሁለት ባለ 8 ጊጋ መጠናቸው እኩል ነው፤ አንድ ብቻ ሲሰካ ግን ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚገናኝበት መስመር በግማሽ ይጠብባል። አማካይ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ብዙ ባይወርድ እንኳ ጌሙ መሀል ላይ ይቆራረጣል። ሌላም አለ፤ ፍጥነቱ 6000 ነው ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር5 (አዲሱ ዓይነት) ራም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራው ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባል ሴቲንግ ካልተከፈተ በ4800 ወይም በተቀራራቢ ፍጥነት ይሠራል። ሻጩ ሳይከፍተው የሚልከው ኮምፒውተር ብዙ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ የሜሞሪውን ገጽ ስትመለከቱ ፍጥነቱም የተያዘው የሶኬት ብዛትም በቁጥር ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

የማዘርቦርዱ ጉዳይ ዛሬ አያሳምምም፤ የሚያሳምመው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አንዳንድ ትልልቅ አምራቾች ቅርጹ ለራሳቸው ኬዝ ብቻ የተቀደደ ማዘርቦርድ ይጠቀማሉ። የተለመደው ባለ 24 ፒን የኃይል መሰኪያ ቦታ ላይ ሌላ ዓይነት መሰኪያ ይኖራል፤ የማብሪያው ሽቦም በራሳቸው ዓይነት ሶኬት ይገባል። በዚህ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል ከገበያ ገዝቶ መተካት አይቻልም። ኬዙን ልቀይር ብትሉ ማዘርቦርዱም አብሮ ይቀየራል። ከመግዛታችሁ በፊት የጀርባውን ፎቶ ተመልከቱ። የዩኤስቢና የኔትወርክ ቀዳዳዎቹ በኬዙ ቆርቆሮ ላይ በቀጥታ ከተቀደዱና ለብቻው የሚወጣ የብረት ሽፋን ከሌላቸው ቦርዱ ከዚያ ኬዝ ውጪ ቤት የለውም ማለት ነው። ይህ አንድ ፎቶ ከብዙ የገዢ አስተያየት ይበልጣል።

ግራፊክስ ካርዱ በስሙ ቢጻፍም ሜሞሪውን ለይታችሁ ጠይቁ። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 8ም ባለ 16 ጊጋባይትም አለ፤ ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ ስሙን ብቻ ይጠራል። አዳዲስ ጌሞችን ሴቲንጋቸውን ከፍ አድርጎ ለሚጫወት ሰው 8ቱ ቶሎ ይጠብበዋል።

ራስ መገጣጠም ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል፤ በምትኩ ግማሽ ቀንና ትዕግሥት ይጠይቃል። መሣሪያው አንድ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ነው፤ ቁጥር 2 ይበቃል። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፤ የሚያስቸግረው የሚረሳው ነገር ነው። በዛሬዎቹ የኤኤም5 (የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ሶኬት) እና የኢንቴል ቦርዶች ላይ ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ውስጥ ነው። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስተያይቶ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ እንጂ መግፋት የለም፤ አንድ ፒን ከታጠፈ ማዘርቦርዱ ሄደ ማለት ነው። ሁለት ራም ሲሰካ ከፕሮሰሰሩ በኩል ተቆጥሮ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው፤ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ይጫኑት። በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚገባው ቴርማል ፔስት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። የኩለሩ ሥር ላይ የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ መላጥ አይረሳ፤ ሳይላጥ የታሰረ ኩለር ፕሮሰሰሩን ወዲያው 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል፤ ባለቤቱም ኩለሩን ይረግማል።

ከዚያ ወደ ኬዙ ከማስገባት በፊት ቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አድርጎ መሞከር ብዙ ድካም ያድናል። ፕሮሰሰር፣ ኩለር፣ ራም፣ ባለ 24 ፒኑና ባለ 8 ፒኑ የፕሮሰሰር ኬብል ከተሰኩ በቂ ነው፤ የማብሪያውን ሁለት ፒን በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ማገናኘት ያስነሳዋል። ምስል የሚያሳየው ግን ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ነው። ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችና ራይዘን 5 7500ኤፍ ይህ ስለሌላቸው ካርዱን መሰካት ግድ ነው። ኬዙ ውስጥ ደግሞ ቦርዱን ከፍ የሚያደርጉት የናስ እግሮች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር መግጠማቸውን ቁጠሩ። ቀዳዳ በሌለበት የቀረ አንድ እግር የቦርዱን ሥር ነክቶ ሾርት ያደርጋል።

ኬብል ላይ ሁለት ነገር አይቀለድበትም። ከአንዱ ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ ኬብል ሌላው ላይ አይሰካም፤ መሰኪያው ቢገጥም እንኳ በውስጡ ያለው የሽቦ አቀማመጥ ይለያያልና ዲስክም ቦርድም ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛው በአርቲኤክስ 4090 ላይ በመቅለጥ ስሙ የጠፋው ባለ 16 ፒን መሰኪያ ነው። እስከ መጨረሻው ካልገባ ወይም ከመሰኪያው ሥር ወዲያው ከታጠፈ ይግላል። በካርዱና በመሰኪያው መካከል ክፍተት መታየት የለበትም።

አብርታችሁት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ወዲያው አትፍቱት። ዲዲአር5 ያለው አዲስ ቦርድ መጀመሪያ ሲነሳ ራሙን ለማስተካከል ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ መሀል ላይ ማጥፋት ነገሩን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ከዚያ በኋላም ካልመጣ በቅደም ተከተል እዩ፦ የፓወር ሰፕላዩ የጀርባ ማብሪያ፣ ከቦርዱ ጥግ ያለው የፕሮሰሰር ኬብል፣ በደንብ ያልገባ ራም። የሞኒተሩ ኬብል ቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱንም አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ እየሠራ ጌሙ ብቻ እንደ ኤሊ ከሄደም መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ኬብል ነው። ብዙ ቦርዶች ላይ የትኛው ዕቃ እንዳስቸገረ የሚጠቁሙ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ መመሪያውን ከፍቶ የበራውን ማንበብ ከግምት ይሻላል።

ዋጋን በተመለከተ «መገጣጠም ሁልጊዜ ይረክሳል» የሚለው አባባል ዕድሜው አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 ግራፊክስ ካርድ ሲጠፋ ለብዙ ሰው በተመጣጣኝ ዋጋ ካርድ ማግኛው መንገድ ሙሉ ኮምፒውተር መግዛት ነበር። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ራም ክፉኛ ተወድዷል፤ ቀድሞ ያከማቸ አምራች በአሮጌው ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ በምትገዙበት ቀን ደምሩ፤ የዊንዶውስ ፈቃዱንም አትዝለሉ። ልዩነቱ ከአሥር በመቶ ካልበለጠና ዕቃዎቹ በስም ከተጠሩ፣ በእኛ ሚዛን ተገጣጥሞ የመጣው ያዋጣል። አንድ ነገር ሲበላሽ ሙሉውን ለአንድ ሻጭ መመለስ መቻል ትልቅ ጥቅም ነው። የገጣጠመ ሰው በየዕቃው ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ ዋስትና ያገኛል፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ለይቶ የማወቁ ሥራ ግን የራሱ ነው። የሚፈታና የሚሞክር መለዋወጫ ለሌለው ሰው ይህ ያደክማል።

ከሁሉ የምንመርጠው ግን በመሀል ያለውን ነው፤ መደበኛ ዕቃዎችን እናንተ መርጣችሁ፣ ሱቁ ገጣጥሞና ፈትኖ የሚያስረክባችሁን። የመገጣጠሚያ ክፍያው ተመጣጣኝ ከሆነ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

የተገጣጠመ ከገዛችሁ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ የጎኑን ሽፋን ክፈቱት። አንዳንዶቹ በጉዞ ላይ ካርዱ እንዳይነቀል ውስጣቸው በስፖንጅ ተሞልቶ ነው የሚመጡት፤ ሳይወጣ ማብራት አየሩን ያፍነዋል። ካርዱ ከሶኬቱ ላልቶ እንደሆነ ገፋ አድርጉት፤ የሁሉም ፋን ሽቦ መሰካቱን እዩ። የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኮር አይ7 ወይም አይ9 ከሆነ ከምንም በፊት ባዮሱን አድሱ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ራሱ ያመነው የቮልቴጅ ችግር ፕሮሰሰሩን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ማስተካከያው የመጣው በባዮስ ነው። የሞኒተሩንም ፍጥነት ዊንዶውስ ውስጥ ከ60 ወደ 144 ኸርዝ ወይም ወደ ራሱ ጣሪያ ከፍ አድርጉ፤ በራሱ ላይቀየር ይችላል። ከዚያ ከባድ ጌም ከፍታችሁ አንድ ሰዓት ያህል አሠሩት። ከጠፋ፣ ከጮኸ ወይም ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ በካርቶኑ አድርጋችሁ መልሱት።