ነጩ ኩዊልት ከየት መጣ? ገልብጣችሁ እዩት

አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ «ማርሴይ፣ የእጅ ሥራ» የተባለ ነጭ ኩዊልት (ጨርቅ ተደራርቦ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ) ካያችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ገልብጡት። እኔ ሳልገለብጥ ነው የገዛሁት። ቤት ወስጄ ጀርባውን ስፈትሽ አንዲት የመርፌ ስፌት አጣሁ። ለካ አበባው የተሰፋ ሳይሆን አብሮ የተሸመነ ነው።

የሚያሳስተው ስሙ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳዩ የማርሴይ ወደብ ይላክ የነበረው እውነተኛ የእጅ ሥራ ነበር። ገበያው ሲደራ የእንግሊዝ ሸማኔዎች አስመስለው መሸመን ጀመሩ። የቦልተን ከተማም በዚህ ታወቀች። ስሙን ግን አልቀየሩትም። አበባውን የሚሠራው ክር ከድርና ማጉ ጋር ከተዋሃደ የሽመና ሥራ ነው። አይናቅም፤ ዋጋው ግን የእጅ ሥራ ዋጋ መሆን የለበትም።

በደቡብ ፈረንሳይ ያለው የፕሮቫንስ ኩዊልት፣ ቡቲ የሚባለው፣ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ስስ ጨርቅ ተደርቦ በጥቃቅን ስፌት ጠባብ ቦይ ይወጣለታል። ከዚያ በጀርባ በኩል በመርፌ የጥጥ ገመድ ይገባበታል። መስኮት ላይ ዘርጉት፦ ጥጥ ያለበት ይጠቁራል፣ የሌለበት ብርሃን ያሳልፋል። ውበቱ ወደር የለውም። ሙቀት ግን አትጠብቁበት።

የሰሜን እንግሊዙ የደርሃም ሥራ በላዩና በገበሩ መሃል ባዘቶ አለው። ላባ፣ ጽጌረዳና የተጎነጎነ ገመድ ይበዛበታል። አለንሄድስ በምትባል መንደር ንድፉን በሰማያዊ እርሳስ እየሣሉ የሚሸጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ኤልዛቤት ሳንደርሰን ከእነሱ አንዷ ናት። ስለዚህ የደበዘዘ ሰማያዊ መስመር ብታዩ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ጥሩ ፍንጭ ነው። የዌልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሱፍ ስለሚሞላበት ከበድ ይላል።

ሻጩ «ውስጡ የጥጥ ፍሬ ስላለ እ.ኤ.አ. ከ1793ቱ መፈልቀቂያ ማሽን በፊት የተሠራ ነው» ካላችሁ አትስሙት። ከማሽኑ በኋላም ፍሬ ያመልጥ ነበር። ጥጥ ሲፈለቀቅ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ጥግ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ ፊደል ወይም ቁጥር ካለ ሳታጥቡ ፎቶ አንሱት። ከቤተሰቡ የተጻፈ ወረቀት ካለም አብሮ ይሰጣችሁ።

ለምትተኙበት አልጋ ደርሃም፣ ለግድግዳ ቡቲ ብትወስዱ ይሻላል። ልጅና ቡና ላለበት ቤት የተሸመነው ይበቃል። የእኔም ሶፋ ላይ ነው፣ ሁለት ጊዜ ቡና ፈሶበታል።