ላበጠ ወይም ለሚያሳክክ ቆዳ ለብ ያለ የጨው ውሃ ወይስ ቀዝቃዛ ጨርቅ?

ወጪያቸው እዚህ ግባ አይባልም። ልዩነቱ ሥራቸው ላይ ነው።

የጨው ውሃ፦ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ሙቀቱ ወደ ቦታው ብዙ ደም ይስባል፣ የደረቀውን ቅርፊት ያለሰልሳል። ጨው ሲበዛ ግን ቆዳ ያደርቃል። «ቶሎ ያድነኝ» ብሎ በእፍኝ መጨመር ትርፉ ማቃጠል ነው።

ቀዝቃዛ ጨርቅ፦ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ 10 ደቂቃ ጣል ማድረግ። በቃ። በረዶ ከሆነ በጨርቅ ይጠቅለል።

ሥጋ ውስጥ ለገባ ጥፍር ጨው ውሃው ይሻላል። ቢንቢ ነክሶ ለሚያሳክክ እብጠት ደግሞ ቅዝቃዜው፤ ሙቀት ማሳከኩን ሊያብስ ይችላል። ስኳር ይዞት እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ባይዘፈዝፍ ይመረጣል፤ ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሁለቱንም ትቶ ሐኪም ጋ ነው።