ለጮቄ መንገድ የገዛሁት የጣሊያን ኮምፓስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት አንድ ሱቅ በ1,800 ብር የገዛሁት ባለ ክዳን የናስ ኮምፓስ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ እንግዶችን ሳስጎበኝ ከኪሴ አይለይም። መርፌው ፈሳሽ ውስጥ ስላለ ቶሎ ይረጋል፤ ጉም ሲወርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ገዢው አስቀድሞ ፊደሎቹን ይወቅ። ምዕራብ ላይ ያለው «ኦ» ነው፤ የጣሊያንኛው «ኦቬስት» መነሻ። ፈረንሳይኛውም ስፔንኛውም ምዕራብን በዚሁ ፊደል ስለሚጀምሩት እንግዶቹ አይቸገሩም። ሩማንያኛ ግን «ቬስት» ይላል። በጀርመንኛ ደግሞ «ኦስት» ምሥራቅ ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ ለመጣ እንግዳ ኮምፓሱን ሳላስረዳ አልሰጥም። እነዚህ «ኖርድ»፣ «ኤስት»፣ «ሱድ»፣ «ኦቬስት» የሚባሉት ከላቲን የተወረሱ አይደሉም፤ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ተነሥተው በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ ናቸው።

ልቤን የገዛው ክዳኑ ነው። በውስጡ የቆዩት ስሞች ተቀርጸዋል። ሰሜን «ሴተንትሪዮኔ» ተብሏል፤ በላቲን «ሴፕቴም» ሰባት፣ «ትሪዮኔስ» ደግሞ የእርሻ በሬዎች ናቸው። ሮማውያን በሰሜን ሰማይ የሚታዩትን ሰባት ከዋክብት የሚያርሱ በሬዎች አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። የጤፍ ማሳውን በጥማድ የሚያርስ የጎጃም ገበሬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፤ እኔም ሰማዩ በጠራ የሚያዝያ ምሽት ከዋክብቱን ሳላሳይ እንግዳ አላስተኛም።

ምሥራቁ «ሌቫንቴ» የፀሐይን መውጣት፣ ምዕራቡ «ፖኔንቴ» መግባቷን ይናገራሉ። ደቡብ «ሜዞጆርኖ» ነው፣ እኩለ ቀን ማለት፤ ጣሊያን ውስጥ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናትና። እኛ ዘንድ በግንቦትና በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ጥላችንም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በእነዚህ ወራት በቀትር ፀሐይ ደቡብን የሚፈልግ መንገደኛ ጀርባውን ለትክክለኛው አቅጣጫ ይሰጣል። መርፌውን ይመን።

ጉድለትም አለው። በጨለማ የሚያበራ ቀለም የለውም፤ የዲግሪ መስመሮቹም በየ5 ዲግሪው ስለሆኑ ለቀያሽ አይበቃም። ብረት ያለበት አጠገብ፣ በተለይ መኪና ላይ ተደግፎ፣ ማንበብ አይገባም። ለአስጎብኚ ግን አጥብቄ እመክረዋለሁ፤ ክዳኑ ያልተፋቀውን መርጣችሁ ግዙ።