የመንግሥት የበይነ መረብ አገልግሎት በተጠቃሚው ዐይን
የልደት ማስረጃንና የፈቃድ እድሳትን በስልክ እንድንጨርስ ያስቻለን የመንግሥት የበይነ መረብ አገልግሎት፣ አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው ሰልፍንና ምልልስን የሚያስቀር በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ማንበብ የሚችል ሁሉ ያለ ችግር ይገለገልበታል ማለት አይደለም፤ ቅጹን እስከ መጨረሻው ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ሳይጫን ገጹን የሚዘጋ፣ ማመልከቻው የደረሰለት መስሎትም ምላሽ የሚጠብቅ ተገልጋይ ጥቂት አይደለም። ከዚህ የከፋው ግን በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማያውቁት ደዋይ ማንበብ ነው፤ ቁጥሩ የፊርማን ያህል ክብደት እንዳለው አስቀድሞ ያስረዳው የሌለ ሰው፣ የግል መረጃውን በገዛ እጁ ለአጭበርባሪ አሳልፎ ይሰጣል።

ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2002 ዲጂታል መታወቂያ ማደል ስትጀምር፣ በዚያው ሰሞን ወደ 100,000 ለሚጠጉ ጎልማሶች የኮምፒዩተርና የኢንተርኔት መሠረታዊ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ የሕዝቧ ብዛት ከ1.4 ሚሊዮን የማይበልጥ በመሆኑ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በእኔ ግምት ለአገልግሎቱ መለመድ ከቴክኖሎጂው ባልተናነሰ የረዳው ይህ ነው።

በእኛ አገልግሎት ግን የመመሪያ ገጾቹ በሕግ ቋንቋ መጻፋቸው ትልቁ ጉድለት ነው። ተገልጋዩ የይለፍ ቃሉን ለጉዳይ አስፈጻሚ አሳልፎ እንዲሰጥ የሚገደደውም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ በየአገልግሎት መስጫው እያሳየ የሚያስተምር ባለሙያ ሊመደብ ይገባል።