ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለምርመራ ደም ስለሰጠሁበት ላብራቶሪ

ባለፈው ሳምንት በደብረ ማርቆስ ከሚገኙት የግል ላብራቶሪዎች በአንዱ ለስኳርና ለኮሌስትሮል ምርመራ ደም ሰጥቻለሁ፤ የድርጅቱን ስም ሳልጠቅስ አገልግሎቱን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ወረፋው አጭር፣ ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ ውጤቱም በዕለቱ ደርሷል።

ያሳሰበኝ የደም አወሳሰዱ ነው። ባለሙያዋ መርፌውን ጀርባዋን ሰጥታኝ ስላዘጋጀችው ከእሽጉ ሲወጣ አላየሁም። ክንዴን በላስቲክ አስራ አልኮሉን ቀባ አደረገችና ሳይደርቅ ደም ሥሬን በጣቷ ደግማ ዳስሳ ወጋችኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ቦታው በ70 በመቶ አልኮል ለ30 ሴኮንድ ከተጠረገ በኋላ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ዳግመኛም አለመንካት ይገባል። ከሁሉ በላይ መርፌው በሚሰካበት የፕላስቲክ መያዣ ጠርዝ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የደረቀች ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። በደም የሚተላለፈውና ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን የመበከል ኃይሉን ይዞ እንደሚቆይ ስለማውቅ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ።

በማግስቱ ተመልሼ “እህቴ፣ ትናንት የወጋሽኝ መርፌ አዲስ ነበር?” አልኳት። “ጋሼ፣ መርፌውማ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነው” ብላ ሳትቆጣ አንድ ያልተከፈተ መርፌ አወጣች፤ የመርፌውን ሁለት ጫፎች የሸፈኑትን ክዳኖች የሚያገናኘው ወረቀት ሲከፈት እንደሚቀደድና ተመልሶ እንደማይጣበቅ አሳየችኝ፤ ያገለገለው የሚጣልበትን ሴፍቲ ቦክስም አመለከተችኝ። በዚህ በኩል ልቤ ዐረፈ። መያዣውን ግን ለብዙ ሰው እንደሚጠቀሙበት አልደበቀችኝም። መያዣው ደም ሥር ውስጥ ስለማይገባ የመርፌውን ያህል አያሰጋም፤ ሆኖም መያዣውን የነካ ጓንት የተወጋሁበትን ቦታ በጥጥ ሲጫን ማየት አልፈልግም።

በሌላ ሰው ደም የተነካ መርፌ የወጋው ሰው ካለ ሌሊቱን እንደኔ በጭንቀት አያሳልፍ፤ ቦታውን በውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ሲሆን በቶሎ በተጀመረ መጠን ይበልጥ ይጠቅማል። ለምርመራ ደም የሚሰጥ ሰው ደግሞ እሽጉ ፊቱ እንዲከፈት ቢጠይቅ ባለሙያውን መጠርጠሩ አይደለም፤ መብቱ ነው።

ለኃላፊው መያዣው ከመርፌው ጋር አብሮ እንዲጣል ነግሬያቸዋለሁ። ከ3 ወር በኋላ ለስኳር ክትትል ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ያው መያዣ ከጠበቀኝ ግን ክንዴን አልሰጥም።